ሳያርፍ የተለካ እግር

ብስክሌት ተወዳዳሪዋ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ከተተከለው የመለማመጃ ብስክሌት ላይ ዘልላ ትወርድና፣ ላቧን እንኳ ሳትጠርግ የምርመራ አልጋው ላይ ትጋደማለች። «አሁኑኑ ይለኩኝ! አረፍ በይ እንዳይሉኝ!»

ሐኪሟ አትላትም። ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቿን በደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ጠቅልላ መንፋት ትጀምራለች።

አሰልጣኙ በሩ ጋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። የመጣው ሊያስታምማት አይደለም፤ ከቡድኑ የሚያሰናብታት ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ነው፣ የቀረው «ጤነኛ ነች» የሚል የሐኪም ቃል ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገት ላይ ግራ እግሯ እንጨት ሲሆንባት፣ እሱ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ርገጪ፣ አንቺ ሰነፍ!» ሲል ኖሯል። እሷም አምናው ነበር። ያን እግር በቡጢ የደቃችበት ቀን ብዙ ነው።

ሦስት ሐኪም ቤት ሄዳለች። ሦስቱም ጋ ያሉት ደጎች ነበሩ፤ ደግነታቸው ገደል ይግባ! ደረጃውን ወጥታ ስታለከልክ አይተው «አይዞሽ፣ መጀመሪያ አረፍ በይ» ይሏታል፤ ሩብ ሰዓት አስተኝተው ይለኳታል። ያረፈ እግር ደግሞ ምን ይገኝበታል?

«ቀኝ፣ መቶ ሰባ» ትላለች ሐኪሟ። ግራውን ደግማ ትነፋለች። «ግራ፣ ስድሳ።»

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» ይላል አሰልጣኙ።

«መሣሪያው ደህና ነው። ወደ እግሯ የሚወርደው የደም ሥር ብሽሽቷ አካባቢ ጠቧል። ስትረግጥ ደም አይበቃትም፣ ስታርፍ ይበቃታል። እስከ ዛሬ የነበረው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ የሚመጣባት ግን ንዴት ነው።

«ይምጡ!» ትለዋለች አሰልጣኙን። እጁን ስባ ጣቶቹን ግራ እግሯ ጀርባ ላይ ትጫናቸዋለች። «ትርታውን ይፈልጉ።»

ይዳብሳል። ቦታ ቀይሮ ይዳብሳል። «የለም።»

«ታዲያ ይጩሁበታ! እንደለመዱት ርገጥ ይበሉት!»

አይጮህም። ጣቶቹንም አያነሳም። ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ትንፋሿ ይረጋል፣ ላቧ ይደርቃል። ከዚያ ፊቱ ሲለወጥ ታያለች።

«መጣ» ይላል ቀስ ብሎ።

ይህን ስትሰማ ብሶባት እንባዋ ይመጣል። እግሯ አርፏል፤ ሦስቱ ሐኪም ቤቶች እንዳዩት፣ አልጋው ላይ ጤነኛ መስሎ ተጋድሟል።