የታጠፈ ገጽ

ሄለን ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥና ካፖርቷን ሳታወልቅ ትቀመጣለች። «አንተ ጠበቃ፣ ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው ፊትህ የጠቆረው?»

«ጠበቃ» የምትለኝ ክርክር ስለማበዛ ነው። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። ከስሟ ትይዩ አንዲት አረንጓዴ መስመር አሁን ብቅ ብላለች፦ የሐዘን መግለጫ ተልኳል። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ አንዴ ይንቀጠቀጣል። አልሰማችውም።

የሄለን እናት ካረፉ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሄለን አታውቅም። ወንድሟ ኃይሉ ትናንት ከዳላስ ደውሎ ቲኬት ሲቆርጥ፣ «ቅዳሜ ማለዳ እዚያው አሌክሳንድሪያ ቤቷ ሄደን እናረዳታለን፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትሉ» ብሎ አደራ ሰጥቶናል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

የዚህ የሲልቨር ስፕሪንግ የጉዞ ቢሮ ባለቤት እትዬ ዓባይነሽ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኞቻቸውን በአንድ ወፍራም መዝገብ በእርሳስ ሲጽፉ ኖረዋል፦ ማን የማን እህት እንደሆነ፣ የማን ፓስፖርት መቼ እንደሚያበቃ፣ ማን ስልክ እንደቀየረ። አንዳንዱ ገጽ ጥጉ ይታጠፋል። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ዝርክርክነት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ያንን መዝገብ ሁለት ወር ተዋጋሁት። «በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ በእርሳስ መሥራት ስንፍና ነው እንጂ ጥንቃቄ አይደለም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ያስገባሁት ፕሮግራም ኢሜይሉን ራሱ ያነባል፣ የደንበኛውን ገጽ ራሱ ያድሳል፣ የአባት ስም አይቶ ወንድምና እህትን ራሱ ያገናኛል። ማንም ምንም መጻፍ የለበትም። በመጨረሻ ደከማቸው። «እሺ ልዑልሰገድ፣ አሸነፍክ» አሉኝ። ማሸነፌ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኃይሉ ለአየር መንገዱ የሐዘንተኛ ቅናሽ እንዲሆን የላከውን የመርዶ ደብዳቤ ፕሮግራሙ ሌሊት አነበበው። ከወንድም ገጽ ወደ እህት ገጽ ተሻገረ፤ አሁን ደግሞ ማጽናኛውን ራሱ ላከላት። የማጽናኛውን ቃል ያረቀቅሁት ግን እኔ ነኝ፤ ባማረ እንግሊዝኛ።

«እማማ ቪዛ አገኘች እኮ!» ትላለች ሄለን። «ለፋሲካ ላመጣት ነው። ሁለት ሺፍት እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ለዚህ ነው። ሦስት ቀን ሆነ ስልክ አታነሣም፤ ኃይሉን ብጠይቀው ኔትዎርክ ነው አለኝ።»

እትዬ ዓባይነሽ ከውስጥ ክፍል ይወጣሉ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥለው የእኔን ፊት ያያሉ። ፊቴ ላይ ያዩትን እንጃ፣ ይቆማሉ።

«ሄሉዬ፣ ነይ እስቲ ወደ ውስጥ።»

«ቆይ እትዬ፣ ፓስፖርቷን ላሳይዎት፤ ፎቶ አንሥታ ልካልኛለች።» እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች።

«ስልኩን ለእኔ ስጪኝ» እላለሁ። እጄ አየር ላይ ይቀራል።

ስልኳ ላይ የመጣውን መልእክት ታነባለች። ከንፈሯ ቃል በቃል ይከተላል። እንደገና ከላይ ትጀምራለች።

«ይሄ ያንተ ኮምፒውተር ተሳስቶ ነው አይደል?»

በክርክር አፌ ተይዞ አያውቅም። ለታክሲ ሾፌሩም፣ ለቄሱም፣ ለፕሮፌሰሩም መልስ አለኝ። አሁን የማየው ግን በአንድ ፊደል እንኳ ያልተሳሳተ ጽሑፍ ነው፦ ስሟ ትክክል፣ የእናቷ ስም ወይዘሮ ሸዋዓለም ትክክል፣ ቀኑ ትክክል።

«በለኝ እንጂ! ተሳስቷል በለኝ! ሁልጊዜ የምትለፈልፈው አንተ አይደለህ?»

ስልኩ ከእጇ ይወድቃል። እትዬ ዓባይነሽ ደርሰው ከኋላዋ ያቅፏታል፤ ሁለቱም አብረው ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። ጩኸቷ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«ለኃይሉ ደውልለት!» ይሉኛል እትዬ፣ ሳያዩኝ። «ቁጥሩ መዝገቡ ላይ አለ። ሂድ!»

ቁጥሩ ስክሪኑም ላይ አለ። ወደ ስክሪኑ ግን መመለስ አልችልም።

ተጥሏል ያልኩት መዝገብ ውስጥ ክፍል ከቢሮው ስልክ አጠገብ ተቀምጧል። የሄለንን ገጽ መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ጥጉ ታጥፏል። ከታጠፈው ሥር በእርሳስ፣ በትንሹ፣ «አልሰማችም» ይላል።

ገጾቹን አገላብጣለሁ። ሌሎች ሁለት ገጾች ታጥፈዋል።

ከውጭ የእትዬ ድምፅ «አይዞሽ» ሲል ይሰማኛል፤ ደጋግሞ፣ ዝቅ ብሎ። የስልኩን እጀታ በአንድ እጄ ይዤ፣ የሄለንን ገጽ ጥግ በአውራ ጣቴ አቃናለሁ። ወረቀቱ ተመልሶ ይነሣል።