ድንጋይ ለቀማ

ቤቷ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ነው። የቆርቆሮ በሯን ከፍታ ብቅ ስትል አንድ ሾፌር በአሮጌ ታክሲ አፍንጫ ላይ ጀርባውን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ እሷ በር አዙሮ ቆሟል።

ደሟ ፈላ። እነዚህ ሾፌሮች ለጎማቸው ታኮ ያደረጉትን ድንጋይ መንገድ ላይ እየጣሉ ይሄዳሉ። ትናንት አንዱ ድንጋይ አደናቅፎ አውራ ጣቷን አድምቷታል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ከቁልቁለቱ ላይ አንድም ሳታስቀር ለቅማ፣ ከበሯ ጀርባ ከምራዋለች።

«አንተ! ሌላ መደገፊያ አጣህ? ተነሳ ከዚህ!»

«እማማ፣ በሞቴ፣ አንድ ድንጋይ ያቀብሉኝ» አላት። ላብ አጥምቆታል።

«ደግሞ ድንጋይ! ጥለኸው ልትሄድ? እንኳን ድንጋይ ጠጠር አታገኝም!»

«እንግዲያው ዘወር ይበሉ!»

«ከገዛ በሬ ላይ? አሳዳጊ የበደለህ!»

መጥረጊያዋን አንስታ በእንጨቱ ጉልበቱን ነረተችው። ሾፌሩ እጇን ለቀም አድርጎ ይዞ፣ እየጎተታት ወደ ጎን ዘለለ።

«ኡኡ! የሰፈር ሰው! ሊገድለኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

ጩኸቷን ሳትጨርስ ታክሲው በአጠገቧ ቁልቁል ተንደረደረ። ፍሬኑ ተበላሽቶ ኖሮ፣ እስካሁን ያቆመው የሰውየው ጀርባ ነበር። የቆርቆሮ በሯን ገንጥሎ ግቢዋ ገባና፣ ጠዋት የለቀመችው የድንጋይ ክምር ጋ ሲደርስ ቆመ።