ዓባይን የተሻገረችው ሙሽራ

የእትዬ ሉባባ ቃል አንድ ነበር። «እኔ ወደዚህ ቤት የገባሁት በደንገል ታንኳ ዓባይን ተሻግሬ ነው። የልጄም ሙሽራ እንደዚያው ካልመጣች አልመርቅም።»

«እማዬ፣ ድልድዩ እኮ አለ» አለ ልጃቸው ይማም።

«ድልድይ ለመኪና ነው። የኛ ሰው ሙሽራውን የሚያመጣው በውሃ ነው።»

ይማም ደንገል ፍለጋ የወንዙን ዳር ሲያስስ ሰነበተ። አብዛኛው ተመንጥሮ ጫት ተተክሎበታል። እንደ ምንም ብሎ ለአንዲት ጠባብ ታንኳ የሚበቃ አጨደና ከአጎቱ ጋር አሰረ።

ሙሽራዋ ሰዓዳ ዋና አትችልም። በሠርጓ ቀን ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ታንኳው ላይ ተቀመጠች። የይማም አጎት እየቀዘፈ መሀል ወንዝ ሲደርሱ ውሃው ከሥር እየሰረገ እስከ ወገቧ አራሳት። ጉማሬ ብቅ ብሎ ሲያናፋ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ አደረገች። አማቴ ይቀየሙኛል ብላ ግን አንድም ጊዜ «መልሱኝ» አላለችም።

ዳር ስትደርስ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበላት። እየተንጠባጠበች ሄዳ እትዬ ሉባባ ጉልበት ላይ ወደቀች። እሳቸውም መርቀው ሲያበቁ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣

«ምነው ልጄ፣ ሙሉውን ተሻገርሽው እንዴ?» አሏት። «እኔ እኮ ፈርቼ ቀዛፊውን ለምኜው በድልድዩ በእግሬ መጣሁና፣ ታንኳው ላይ የወጣሁት እዚህ ዳር ስደርስ ነው።»

ቀና ብለውም እልልታውን አቀለጡት።