ጠበቃዬ ዓሣዬን ስታሳንሰው

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ከተገኘች ሐይቃችን ዳግም በረዶ ሆኖ አይርጋልኝ፤ መንጠቆዬም ዕድሜ ልኩን ባዶውን ይውጣ።

ጠበቃዬ ማርጊት ሦስት የይግባኝ ዳኞች ፊት ቆማ ዓሣዬን እያሳነሰችው ነው።

"ክብደቱ አምስት ፓውንድ የማይሞላ ዓሣ ነው፣ ክቡራን ዳኞች" ትላለች። "በብርዱ በረዶ ሆኖ ቢደርቅም ዓሣ ዓሣ ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ግን ፍርዱን ለሚሰጡት አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጧቸው፤ ወይ በአደገኛ መሣሪያ የተፈጸመ ከባድ ድብደባ፣ ወይ ነጻ። ቀላል ድብደባ የሚባል ሦስተኛ ምርጫ እንዳለ አልነገሯቸውም።"

ከባዱ ከጸና ሁለት ዓመት እታሰራለሁ። ቀላል ከተባለ ቢበዛ ዘጠና ቀን ነው። ሁለት ዓመት ማለት በበረዶው ላይ የሚደረጉ ሁለት የዓሣ ማጥመድ ውድድሮች ያለ እኔ ማለፍ ነው። እኔ ከሌለሁ ደግሞ ምኑን ውድድር ሆነ?

ግን አምስት ፓውንድ! ያ ዓሣ ሠላሳ ይሞላል። ስጎትተው የሐይቁ ውሃ በአንድ ክንድ ጎደለ። ገና አየር ላይ እያለ በብርዱ ደርቆ ግንድ ሆነ። ተሸክሜው ወደ ውድድሩ ሚዛን ስሄድ ጎረቤቴ ራስሙስ በረዶው ላይ ከቦረቦረው ማጥመጃ ጉድጓዱ አጠገብ ብድግ አለና "ከሱቅ ገዝተህ ነው ያመጣኸው" አለኝ። እኔን! ዓሣውን በጅራቱ ይዤ አንዴ ብቻ ወዘወዝኩት። ራስሙስ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ተገለባብጦ ወረደ፤ ቁርጭምጭሚቱ እንክት አለ። ድምፁ ካናዳ ድረስ ተሰምቷል። የወረዳው ፖሊስ ኃላፊ፣ ሸሪፉ፣ ሲመጣ ማንም ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። ደግሜ ነገርኩት። በሁለተኛው ላይ ዓሣው ትንሽ ጨመረ።

ራስሙስ ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል። የመኪናዬ ባትሪ በብርድ ስለሞተ በእሱ መኪና ነው የመጣነው። ጎረቤት ነን፣ ምን ይደረግ።

መሐል ላይ ያሉት ሴት ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ደንበኛዎ ለሸሪፉ 'በመጥረቢያ ብመታው ይሻለው ነበር' ብለዋል። ይሄ በየት በኩል ነው ቀላል ድብደባ የሚሆነው?"

"ክብርት ዳኛ፣ ደንበኛዬ ማጋነን ይወዳሉ። ጁሪው ይህንንም ሊያመዛዝን ይችል ነበር።"

ማጋነን! ብድግ ስል ራስሙስ የኮቴን ጫፍ ጎትቶ ያስቀምጠኛል።

"አርቪድ፣ አርፈህ ተቀመጥ! እየረዳችህ እኮ ነው።"

"አምስት ፓውንድ አለች እኮ! አንተስ አታፍርም? በአምስት ፓውንድ ዓሣ ተዘረረ ሲሉህ?"

ራስሙስ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ጎንበስ ይላል። "ያኔ ለጁሪው 'አላስታውስም' ያልኩት ውሸቴን ነው" ይላል በሹክሹክታ።

"ምኑን ነው የማታስታውሰው?"

"ሁሉንም አስታውሳለሁ። አንተ አልመታኸኝም። ወደ ኋላ ስል እግሬ በገዛ ጉድጓዴ ገባ። አርባ ዓመት ያጠመደ ሰው ራሱ የቦረቦረው ጉድጓድ ጣለው ይበሉኝ? ዓሣ መታው ቢባል ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ።" ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ሁለት ዓመት ግን በዛ። ማርጊት ስትጨርስ እነግራታለሁ። ነጻ ትወጣለህ።"

"አፍህን ዝጋ!" እላለሁ። የኋለኛው ወንበር በሙሉ ይዞርብናል። ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። "ዓሣውስ? በጅራቱ ይዤ ስወዘውዘው..."

"የት ወዘወዝከውና?" ይላል ራስሙስ፣ ቀስ ብሎ፣ የሚያሳዝን ነገር ለሕመምተኛ እንደሚነግር ሰው። "ከሱቅ ነው ስልህ እንደ ሕፃን ደረትህ ላይ አቅፈኸው ታለቅስ ነበር።"