ቻቻ አራት ነጥብ

ቶፋዘል የጣፋጩን ሸክላ ከጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ጠረጴዛ መሀል አስቀምጦ ክዳኑን ሲከፍት፣ ከዳካ የመጣችው ናፊሳ ድምፅ ማጉያውን እየሰካች ነበር።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው፣ ቻቻ?» አለችው። አጎቴ ማለቷ ነው፤ በባንግላዴሿ ራጅሻሂ ከተማ ሽበት ያበቀለ ወንድ ሁሉ ለወጣቱ ቻቻ ነው።

«ዛሬ ድምፄ ይወጣ የለ? አፋችሁ ባዶውን ሊሰማኝ ነው እንዴ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጋዜጣው ቤት ሥራው ማንበብ ነበር። ከአምስተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ሌላ ምን ይሰጡታል? እሱ የጸሐፊዎቹን ረቂቅ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከፊቱ የተቀመጠው አራሚው መክቡል የታተመውን ገጽ በቀይ እርሳስ እየተከተለ ያርማል። የሚነበበው ቃሉ ብቻ አይደለም። «ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ፣ ቅንፍ ክፈት» እየተባለ ነው፤ አለዚያ መሀል ላይ የሚጠፋውን ማን ያገኘዋል? ጋዜጣው በሙሉ በየቀኑ በእሱ አፍ አልፎ ወጥቷል። ስሙ ግን አንድ ቀን አልታተመም። የዒድ ካላንደር ሲታደል እንኳ «አንተ ስታነብ ነው የምትውለው፣ ምን ይሠራልሃል» ብለው አልፈውታል። ለብር ኢዮቤልዩ የተነሱት ፎቶ ጫፉ ላይ ተቆርጦ ክንዱ ብቻ ቀርቷል። ፎቶው ዛሬም ደረጃው ላይ ተሰቅሏል፤ ባለፈ ቁጥር የገዛ ክንዱን ያያል።

ዘንድሮ ባለቤቶቹ ወረቀት ብቻውን አያዋጣም ብለው ጋዜጣውን ወደ ፖድካስትና ቪዲዮ እንድታሻግር ናፊሳን አስመጡ። በሁለተኛው ቀን በማረሚያው ክፍል በር ስታልፍ ድምፁን ሰምታ ቆመች። «ይሄን ድምፅ የት ደብቃችሁት ነው የኖራችሁት?» አለች። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ኖሮ አያውቅም። ለመጀመሪያው ፖድካስት፣ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ የድሮ ጋዜጦች ክፍል ውስጥ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎለት፣ በፓድማ ወንዝ ስለሰመጠችው ጀልባ የተጻፈውን ታሪክ አነበበ። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ አፉ ልማዱን አልተወም። ከምታለቅሰዋ እናት ዘንድ ይደርስና፣ ድምፁ ሻክሮ፣ «ልጄን ውሃው ወሰደው አራት ነጥብ» ይላል።

ያን ጊዜ መክቡል ነበር ትከሻውን መታ መታ ያደረገው። «ምን ያስጨንቅሃል? አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣልሃለሁ። እንዲህ ስንሠራ አይደል የኖርነው?» አለው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የሚቆረጡትን ቃላት ከነደቂቃና ሴኮንዳቸው ጽፎ፣ እየሰረዘ ለናፊሳ ሰጣት።

አሁን የቶፋዘል ሚስት ዙሌኻ ቤት ውስጥ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ፣ ድምፁ እንዲጎላ ስልኳን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጣ እየጠበቀች ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሞላ ናፊሳ ፖድካስቱን ከፈተችው። ሙዚቃ መጣ፤ ከዚያ ድምፅ። የሬዲዮ ድራማ ሰው ነው፣ ቃሉን ሁሉ በቅቤ ያሸ። ቶፋዘል ማስታወቂያ መስሎት ጠበቀ። ሰውዬው ጀልባዋን ከወደቡ አስነሳት፣ መሀል ወንዝ አደረሳት።

«እኔ መቼ ነው የምገባው?»

የናፊሳ ፊት በራ። «ይሄን ባለቤቶቹ ለሬዲዮ ሰው ሰጡት፤ እርስዎማ ቪዲዮው ላይ ነዎት፣ ቻቻ። ትናንት ወጣ። መቶ አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። አልነገሩዎትም?» ብላ ስልኳን ዘረጋችለት።

አየ። ብርድ ልብሱ ፊት ተቀምጧል፤ መደርደሪያው ላይ የሚቀርጽ ስልክ እንደነበረ አላወቀም። አፉ ይከፈታል፤ «አራት ነጥብ።» ይቆረጣል። «ነጠላ ሰረዝ።» ይቆረጣል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «አራት ነጥብ።» ሃምሳ ስምንት ሴኮንድ ሙሉ ሌላ አንዲት ቃል የለችም። ከሥሩ «ቻቻ አራት ነጥብ» ይላል። ስሙ እዚህም የለም።

የስፖርት ዘጋቢው ሻምሱል ሳቁን ማፈን አቃተው። «ልጆቼ ዛሬ ጠዋት እናታቸውን ‹ሻይ ስጪን አራት ነጥብ› አሏት፣ ቻቻ።»

«እነዚህ አይደሉም እንዴ የሚቆረጡት?» አላት ናፊሳን።

«ነበሩ። በኋላ መክቡል ቻቻ መጥተው ‹እነዚህ ይቆዩ፣ ሌላውን ማን ይሰማዋል› አሉኝ። እርስዎም ተስማምተዋል ብለውኛል።» ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው።

ቀይ እርሳስ ነው። የመክቡልን ጽሕፈት ከራሱ ይበልጥ ያውቃል። አርባ ሦስት ቦታ ተሰርዟል፤ ከእያንዳንዱ ስርዝ በታች ደግሞ ነጠብጣብ ተደርድሯል። በአራሚዎች ዘንድ የነጠብጣቡ ትርጉም አንድ ነው፤ ስርዙ ተሽሯል፣ ቃሉ ይቆይ።

መጀመሪያ ሰርዞለት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ተመልሶ፣ ተቀምጦ፣ አርባ ሦስት ጊዜ ነጠብጣብ አደረገ።

መክቡል ጥግ ይዞ የቶፋዘልን ጣፋጭ እየበላ ነበር። «አትቆጣ» አለ ቀና ሳይል። «ማረሚያው ክፍል በሚቀጥለው ወር ይዘጋል። ለቪዲዮው ከሁለታችን አንድ ሰው ነው የሚያስቀሩት። የሚያስቅ ነገር ይዘህ ና አሉኝ። ከአንተ ሌላ ምን አለኝ?»

«ብትነግረኝስ?»

«ብነግርህ እሺ ትል ነበር?»

ቶፋዘል ኪስ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ዙሌኻ ናት። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

የነገው ሁለተኛ ገጽ ከማተሚያው መጣ። መክቡል የጣቶቹን ሽሮፕ ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ቀይ እርሳሱን አነሳና እንደ ወትሮው ከፊቱ ተቀመጠ። «በል አንብብ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ገጹ እኛን አይጠብቅም።»

ቶፋዘል ረቂቁን አነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም አነበበ። ሳይቆም፣ ሳይተነፍስ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ሰረዝ፣ አንዲት ነጥብ ሳይጠራ አነበበ። ሚኒስትሩ ከጎርፉ፣ ጎርፉ ከሩዙ፣ ሩዙ ከሞተው መምህር ጋር ተያይዘው ወረዱ። ቀዩ እርሳስ ሁለት መስመር ተከተለው፣ ሦስተኛው ላይ ዘገየ፤ ከዚያ የሚያርፍበት አጥቶ ከገጹ በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።