ሚህራን ወይስ ሉካስ

«የሕፃኑ ስም ማን ይባል?» አሉ ቄሱ። ማርሴይ ባለው የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ታቅፈው የቆሙት የክርስትና አባቱ፣ ሽማግሌው ሃምፓርሱም፣ አቀርቅረው የሕፃኑን ፊት ተመለከቱ። የእናቱ አጎት ናቸው፤ እሷንም ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ። ልባቸው የከጀለው የሟች ወንድማቸውን፣ የእሷን አባት ስም ነበር፤ ሚህራን።

«አጎቴ፣ አደራ!» አለች እናቱ አራክሲ በሹክሹክታ። «ሉካስ ይበሉ። በዚያኛው ስም ትምህርት ቤት መሳቂያ ነው የሚሆንብኝ።»

«ሉካስ» አሉ ሽማግሌው። ቄሱም አጠመቁት። ሽማግሌው ሕፃኑን ለእናቱ ከመመለሳቸው በፊት ግን ጎንበስ ብለው በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አሉት።

«ምን አሉት?»

«ሚህራን። አንድ ጊዜ እንኳ ይስማው ብዬ ነው።»

አራክሲ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ከዚያ የልጇን ራስ ቀስ አድርጋ አዞረችና ሌላኛውን ጆሮ ሰጠቻቸው።

«በዚህኛውም ይድገሙለት» አለች።