በእጁ ላይ የተሰበረበት

ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለው የአበባ እርሻ አንድ ሕግ አለ። የትም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከተጻፉት ሁሉ በላይ ይከበራል። ዕቃ ሲበላሽ የሚባረረው ያበላሸው ሳይሆን በእጁ ላይ የተሰበረበት ነው።

ዘርሁን ይህን ሕግ ያውቀዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የእርሻው መሐንዲስ ነበር። የትልቁ ፓምፕ ዘንግ መሰንጠቁን ሦስት ጊዜ በደብዳቤ አሳወቀ። የንብረት ኃላፊው ሲላስ ሦስቱንም መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ በሰው ፊት፣ "ኢንጅነር፣ እስቲ አንተ አስነሳው" አለው። ዘንጉ ተቆረጠ። የዘርሁን ጣት ማብሪያው ላይ ነበር። በሳምንቱ ተባረረ።

አሁን ቡራዩ ውስጥ ወፍጮ ይጠግናል። ሲላስ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል።

ሰኞ ዕለት ያው ሲላስ አስጠራው። በእርሻው ግድብ ላይ አረም የምትሰበስበው የሞተር ጀልባ ማርሽ በገባ ቁጥር እንግዳ ድምፅ ማሰማት ጀምራለች። በአካባቢው የጀልባ ሞተር የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ዘርሁን በሚኒባስ መጣ። ግድቡ ዳር የበሰበሰ የአበባ ግንድና የመድኃኒት ጣሳ ተቆልሏል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሲላስ በሽቶ የነከረውን መሐረብ አፍንጫው ላይ እንደያዘ ጨበጠው። እጁ ለስላሳና እርጥብ ነበር። ዘርሁን መዳፉን በሱሪው ጠረገ።

አጠገቡ የእርሻው ባለቤት ወይዘሮ ራቢአ ሰዓቷን እያየች ቆማለች። የጀልባዋ ነጂ ዲኖ ገመዱን ከምሰሶው ጋር ያስራል።

"የማሽን ችግር አይደለም" አለ ሲላስ። "ይሄ ሰውዬ ነው። ማርሹን እንደ እምቢተኛ በሬ ነው የሚጎትተው። አንተ መርምርና ይህንኑ ጻፍልን። ወይዘሮ ራቢአ ዛሬውኑ ይወስኑበታል።"

ዲኖ ቀና አለ። ሁለት ልጆች አሉት፤ እንጀራው ይህች ጀልባ ናት።

"ኦቦ ኢንጅነር፣ ይስሙኝ። የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው ውስጥ ውኃ እየገባ ነው ብዬ ከመስቀል ጀምሮ እየጻፍኩ ነው። ማርሹን አንዴ ጠበቅ አድርጌ ካላስገባሁት ይጮሃል።"

"ጻፍኩ ይላል" ብሎ ሲላስ ሳቀ። "እዚህ አገር የማይጽፍ ማን አለ?"

ዘርሁን ጀልባዋ ውስጥ ገባ። ወለሏ ላይ ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ተኝቷል፤ አንድ የሞተ እንቁራሪት ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። የካምቢዮውን ብሎን ላላ አደረገ። የወጣው ዘይት አልነበረም፤ የተበላሸ ወተት የመሰለ ዝቃጭ ነው። በሁለት ጣቱ አሸው። የብረት ብናኝ ቆረቆረው። አሸተተውና ፊቱን አጨማደደ።

"ምንድን ነው?" አለች ራቢአ።

"ቆሻሻ" አለና ብሎኑን መልሶ አጠበቀ። ከዚያ ወደ ዲኖ ዞረ።

"አንተ ውጣ።"

"ኢንጅነር፣ እኔ ባሳይዎት..."

"ውጣ አልኩህ። ሄደህ ወይዘሮ ራቢአ አጠገብ ቁም። እጅህን እዚህ አካባቢ እንዳላይ።"

ዲኖ ወጣ። ሲላስ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ጥፋቱ የነጂው ይሁን የማሽኑ ለመለየት ድምፁን በሌላ ሰው እጅ መስማት አለብኝ" አለ ዘርሁን። "እኔ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ አደርጋለሁ። አቶ ሲላስ፣ እርስዎ ቢያስገቡት?"

ሲላስ ኮቱን አውልቆ ገባ። ዘርሁን ሞተሩን አስነሳ፤ እንዳይጠፋ ብሎም የሞተሩን ዝቅተኛ ዙር፣ ሚኒሞውን፣ ከፍ አደረገው።

"ቀስ አድርገው ያስገቡት። እንደ እንቁላል።"

ሲላስ በሁለት ጣቱ ገፋ። ግርርር አለ።

"አልሰማሁትም" አለ ዘርሁን።

ሲላስ መለሰና እንደገና አስገባ። ግርርር።

"አሁንም አልሰማሁትም። ይበልጥ ቀስ ይበሉ።"

"እኔ እንኳን ከዚህ ሰማሁት" አለች ራቢአ።

"ጆሮህንም ወፍጮው በላው እንዴ?" አለ ሲላስ። ግን አስገባ። አወጣ። ደግሞ አስገባ። ወደ ግድቡ ዳር ዞር ብሎ፣ "አየህ ዲኖ፣ ማርሽ እንዲህ ነው፤ በጨዋ እጅ" አለ።

ዲኖ አንገቱን ደፋ።

"ወደ ኋላም ይሞክሩት" አለ ዘርሁን። "አሁንም ቀስ። ወደ ፊት። ወደ ኋላ።"

አሥር ጊዜ ያህል ሆነ። ራቢአ መኪናዋን ማየት ጀመረች። ሲላስ ላብ አጠመቀው፤ እልህም ይዞታል። በመጨረሻ ካምቢዮው ውስጥ አጥንት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ባዶውን አጓራ። ውኃው ውስጥ የምትዞረው መቅዘፊያ ቀጥ አለች።

ዘርሁን ሞተሩን አጠፋ።

"በማን እጅ ነው የተሰበረው?" አለች ራቢአ።

የሲላስ እጅ እስካሁን ማርሹን እንደጨበጠ ነው።

"ይሄ እኮ ቀድሞውንም..." ሲል ጀመረ።

"ዲኖ እዚህ አጠገቤ ነው የቆመው" አለች። "ነገ ጠዋት ቢሮዬ ይምጡ፣ አቶ ሲላስ። ቁልፎቹንም ይዘው።"

ዲኖ ዘርሁንን እስከ አስፋልቱ ሸኘው። ሚኒባሱ ሲቆም አላስቻለውም።

"ኢንጅነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥርሱ የሚፈጨው እኮ ማርሹን ቀስ እያሉ ሲያስገቡት ነው። ይሄን አያውቁም ኖሯል?"

"የመመረቂያ ጽሑፌ በእሱ ላይ ነበር" አለና ዘርሁን ገባ።